አራት የፀሐይ ሰሌዳ ይዞ በረዶ የሚገዛው ሰው

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ምላሴ ላስጠንቅቃችሁ። እኔ ግርማ ነገር ሳወራ ትንሽ እጨምራለሁ። ሚስቴ ወርቅነሽ ይህቺን «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ብታነብ ከሳቋ ብዛት ሐኪም ቤት ትገባለች። አንድ ጊዜ ከሱቄ በር ላይ አንዲት ድመት አባርሬ፣ ቤት ስደርስ ድመቷ ጅብ ሆና ነበር፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስደርስ ደግሞ ጅቦቹ ሦስት ሆኑ። ሰው ይስቃል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ማንም አይጎዳም እያልኩ አምሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ታሪክ ግን እንዳለ ነው የምነግራችሁ። የጨመርኩበት ቦታ ካለ ራሴ እናዘዛለሁ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

ካርቱም ከገባሁ ሀያ ሁለት ዓመቴ ነው። አብዛኛውን አል-ጣኢፍ ውስጥ በአንድ ሀብታም ቤት ሾፌርነት ጨርሼ፣ በኋላ ጀብራ ላይ ሳሙናና ሻይ ቅጠል የምሸጥባት ዱካን ከፈትኩ። ጦርነቱ ሲመጣ ዘግተን ሸሸን፣ ጋብ ሲል ተመለስን። ቤቱ ቆሞ ጠበቀን። የመብራት ምሰሶውም ቆሞ ጠበቀን፤ ሽቦው ግን ከላዩ ላይ ተገፎ ተወስዷል። በካርቱም ሙቀት ያለ ማራገቢያ መተኛት ዳቦ ሆኖ ምድጃ ውስጥ እንደ ማደር ነው። ይህ ማጋነን አይደለም፤ ዳቦውን ጠይቁት።

ስለዚህ ሶላር አስገባን። ያስገባልን ኢስማኢል ይባላል። እናቱ አልማዝ የእኛው አገር ሰው ናት፣ ከእኔ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሳለመው። አባቱ ሱዳናዊ ነበር። ልጁ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ አማርኛው ወንድና ሴትን አንድ ላይ ያሳፍራል፣ እጁ ግን ንጹሕ ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከተዘጉ ሱቆች መሀል ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ጣራዬ ላይ አራት ሰሌዳ ሰቀለ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ባትሪና ኢንቨርተር የሚሉትን ሳጥን አስቀመጠ። ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ።

«ጋሽ ግርማ፣ ሁሉን አንድ ላይ አታጥፊ። ከጠፋች ለኔ ደውል፤ አንቺ አትንካ።»

እሺ አልኩ። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ፍሪጁ ውሃ አቀዘቀዘ። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ፤ ማለትም ማውራት። ከጣራዬ የሚወጣው ኃይል ጀብራን አብርቶ የተረፈው ለካይሮ ይበቃል አልኩ። ሰፈሩ ስልኩን ሊሞላ እኔ ቤት ይሰለፍ ጀመር። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ ግን ስልክ አይደለም ያመጣችው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ ስኳር አለባት፤ ልጇ ኦምዱርማን ድረስ ተንከራትቶ የሚያመጣላትን ኢንሱሊን በትንሽ ሳጥን አድርጋ ፍሪጄ ውስጥ አስቀመጠች። መድኃኒቱ ሙቀት ከነካው ይበላሻል፤ ከተበላሸ ሌላ እስኪገኝ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት መርፌዋን ልትወጋ ትመጣለች፣ በዓረብኛ «ከህረባው እንዴት አደረ?» ብላ ስለ መብራቱ ትጠይቀኛለች፣ እኔም «ታማም፣ ያ ሐጃ» እላለሁ፤ ደህና ነው፣ ሐጃ ሆይ ማለት ነው። የሴትዮዋ ሕይወት የእኔን ወተትና ቲማቲም ተጎራብቶ ይኖር ነበር።

አምስት ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ ሀቡብ መጣ፤ ከተማውን በአንድ ጊዜ ቡናማ ከረጢት ውስጥ የሚከተው የአሸዋ ማዕበል። ሲያልፍ ጣራዬ ላይ ሰሌዳ ሳይሆን የእርሻ መሬት ነበር። ላጥበው ፈለግሁ፣ አደራው ትዝ አለኝና ለኢስማኢል ደወልኩ። ስልኩ የለም። በሀፍላ፣ ማለትም በከተማው አውቶቡስ፣ ካርቱም ሁለት ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል፣ ማስታወቂያው ወርዷል። ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ካይሮ ሄዷል አለችኝ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ፖርት ሱዳን ነው አለኝ። ሦስተኛው ጁባ አለ። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሦስት አገር የሄደበት ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ከሁሉም ካይሮን መረጥኩ፤ ለወሬ ትመቻለች።

በማግስቱ ባለሙያ አያስፈልገኝም ብዬ ሁሉንም ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋሁ፣ ሰሌዳዎቹን በሳሙና አጠብኩ፣ መልሼ አበራሁ። ሳጥኑ ጮኸና ፊቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ሰዓት ጠየቀኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበርና ዘጠኝ ብዬ ሞላሁለት። ሁሉም ተነሣ። ወርቅነሽን ጠርቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሐንዲስ ብለሽ ጥሪኝ አልኳት።

መሐንዲስነቴ ሦስት ሰዓት ቆየ። ልክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቤቱ ጭልም አለ። ባትሪው ሙሉ ነኝ ይላል፤ አምፖሉ አይበራም፣ ማራገቢያው አይዞርም፣ ፍሪጁ ጸጥ ብሏል። ሰደብኩት፣ መታሁት፣ ለመንኩት። እንቅልፍ ሲወስደን፣ ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሙሉ ቦግ ብሎ በራ፤ ሬዲዮው ሳይቀር ቁርዓን መቅራት ጀመረ። ወርቅነሽ የዓለም ፍጻሜ መስሏት ተነሥታ አማተበች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ሰው ሲያስፈልገው ይተኛል፣ ሰው ሲተኛ ይነቃል።

ባለሙያ ጠራሁ። እዚህ ላይ ነው ፀጉሬ የሸበተው። (ቀድሞም ሸብቶ ነበር፤ ይኸው ተናዘዝኩ።) ባለሙያ የሚመጣው በቀን ነው። በቀን ደግሞ ያ ሳጥን እንደ ሙሽራ ያበራል። የመጀመሪያው ሰውዬ ገና ከመግባቱ ምላሱን ጠቅ አድርጎ «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለ፣ ሽቦ ነቀነቀ፣ ባትሪ ለካ፣ «ታማም ነው» አለና ሄደ። ምሽት ድረስ ቆይተህ እየው ብለው፣ ሰፈሬ ሩቅ ነው አለኝ። ሁለተኛውም «ይሄን ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጀመረ፤ ወደ ሳጥኑ ሆድ ገብቶ ሊያይ ሲል ምስጢር ቁጥር ተጠየቀ። ቁጥሩን የሚያውቀው የገጠመው ሰው ብቻ ነው፣ እሱን አምጣው አለኝ። ካይሮ ነው ስለው፣ እንግዲያው ካይሮ ሂድ ብሎ መፍቻውን ሰበሰበ። ሦስተኛው ባትሪው ሞቷል አለኝ። እንዴት በየሌሊቱ ይነሣል ብዬ ስጠይቀው ሰማዩን አይቶ «አላህ ያውቃል» አለ።

ለሐጃ ልንገራት? እንዴት ብዬ? ለካይሮ መብራት የምልክ ሰው ነኝ። ስለዚህ በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከበረዶ ሻጩ አንድ ሙሉ የበረዶ ድንጋይ እገዛና በጆንያ ጠቅልዬ፣ እንደ ሌባ የአጥር ጥግ ይዤ እገባለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጎን አኖረዋለሁ። ጠዋት ወርቅነሽ ውሃውን ከወለል ታብሳለች። አራት ሰሌዳ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተር ያለው ሰው ፍሪጁን በበረዶ ያቀዘቅዛል። ጠዋት ደግሞ «ከህረባው እንዴት አደረ?» «ታማም፣ ያ ሐጃ።»

ንዴቴን የት ላውጣው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሰው ሰብስቤ አወጣሁት። ኢስማኢል የሸጠልኝ ሶላር የሌሊት ወፍ ነው፣ ፀሐይን ይፈራል አልኩ። ሳቁ። ሲስቁ ጊዜ ጨመርኩ፤ የእኛን ፀሐይ ይዞ ካይሮ ገብቶ ፎቅ ጀምሯል አልኩ። ፎቁን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። በሚቀጥለው እሑድ ፎቁ ሦስት ደረጃ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት አወራሁት፣ ዱካኔ ላይ አወራሁት፣ ሀፍላ ውስጥ ለማላውቀው ሰው አወራሁት። ሰው ስሙን ሲሰማ «ያ የሌሊት ወፉ?» ማለት ጀመረ። እናቱ አልማዝ በዚያ እሑድ አልመጣችም። እኔም እንዳልመጣች ልብ አላልኩም፤ ልብ ያልኩት ሳቁን ነው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሐሙስ ዕለት በረዶ ሻጩ አልመጣም። ሌላ ፍለጋ በሪክሻ፣ ባጃጅ በምንለው፣ ግማሽ ጀብራን ዞርኩ፤ የበረዶ ማምረቻው ቆሟል፣ እስከ ቅዳሜ የለም አሉኝ። ባዶ ጆንያ ይዤ ስገባ ፀሐይ ጠለቀች፣ ፍሪጁም አብሮ ሞተ። መድኃኒቱን አወጣሁና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዚር ከሚሉት ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ሥር አስቀመጥኩት። ስድስት ሰዓት እስኪሆን እየተነሣሁ በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቅዟል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለራሴም ሳወራ እንደምጨምር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሐጃ ዘይነብ ዘግይታ መጣች። ግድግዳ ይዛ ነው የገባችው። ከንፈሯ ደርቋል፣ ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች። ጣቷን ወግታ የምትለካበት መሣሪያ ከፍ ያለ ቁጥር አሳይቷታል፤ ከትናንት ወዲያ እንዲህ አልነበረም አለች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችኝ።

«ከህረባው እንዴት አደረ?»

ታማም ልል አፌን ከፈትኩ። ወርቅነሽ ከኮሪደሩ አየችኝ። ወንበር ሰጥቼ፣ እንደ ተማሪዋ ፊቷ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ሳምንት፣ በረዶውን፣ የትናንቱን ጨርቅ። መድኃኒትሽን ሳላበላሸው አልቀርም አልኳት። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«በረዶ ይዘህ በአጥሬ ሥር ስታልፍ አይሃለሁ» አለች። «የሸርባት መጠጥ መሸጥ ሊጀምር ነው ብዬ ብርጭቆ ላውስህ አስቤ ነበር። ያ ግርማ፣ ኢስማኢልን ለምን አልጠራኸውም?»

«ካይሮ ነው።»

«የምን ካይሮ? ትናንት የሕፃን ስም ማውጫ ድግስ ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ሪክሻ ይነዳል። ቤቱ ከዚህ አምስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።»

ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ዚሩ ዞርኩ። ሐጃ ቀጠለች። የሱቁ ኪራይ አልቻለው ብሎ ዘጋ፣ ስልኩ ተሰረቀ፣ ግን ሥራውን በእግሩ ሊቀጥል አስቦ ነበር፤ ሐበሾቹ ቤት ለቤት ሊያሠሩት ቃል ገብተውለት ነበር። ድንገት ሁሉም ተዉት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ አንድ ሰው ቀልድ አውርቶብኛል አላት። በእኛ መንገድ ለምን እንደማያልፍም ስትጠይቀው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

አዲሱን ቁጥሩን አውጥታ ራሷ ደወለችለት። አመመኝ ና አለችው፤ የት ቤት እንደሆነች አልነገረችውም። አሮጊት አስተማሪ ተንኮል አይጎድላትም።

ሪክሻው በር ላይ ቆመ። ኢስማኢል ገብቶ እኔን ሲያይ እግሩ ደፉ ላይ ቀረ። ሰላም አለኝ፤ ሰላምታ የሚነሣ ልጅ አይደለም። «ለሐጃ ነው የመጣሁት» አለ። ሐጃም እኔን ለማዳን ከፈለግህ መጀመሪያ ያንን ሳጥን አድን አለችው። ከዚያ ሪክሻው ወንበር ሥር ያለችውን የመፍቻ ቦርሳ ይዞ ተመለሰ። ሾፌር ሆኖም ቦርሳዋን አልጣላትም ነበር።

ሽቦ አልነቀነቀም። ምላሱንም ጠቅ አላደረገም። ሳጥኑ ፊት ቆሞ ብቻ ጠየቀኝ።

«መቼ ጀመረች?»

«ከሀቡቡ በኋላ።»

«ማነው ያጠፋት?»

«እኔ።»

«ስትነሳ ሰዓት ጠየቀች?»

«ጠየቀች፣ ነገርኳት።»

«ምን አልካት?»

«ዘጠኝ ነዋ» አልኩ፣ ተቆጥቼ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ምን እላታለሁ?»

ነገሩ ቀድሞ የገባት ወርቅነሽ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። ኢስማኢል ክንዴን ያዘ፣ ሰዓቴን ወደ ብርሃኑ አዞረ፣ ከስልኩ ጎን አስተያየው። ይህ ሰዓት ሀያ ሁለት ዓመት ከክንዴ አልተለየም። ሱዳኖቹን በእነሱ ሰዓት እቀጥራቸዋለሁ፣ ሀፍላ በእነሱ ሰዓት እሳፈራለሁ፣ ክንዴ ላይ ግን ጧት የሚጀምረው ከአሥራ ሁለት ነው፤ አንድ ነገር እንኳ እንደ አገሬ ይቁጠርልኝ ብዬ።

«ጋሽ ግርማ» አለኝ ኢስማኢል፣ ቀስ ብሎ፣ «ማሽኗ ሐበሻ አይደለችም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስማኢል ሳጥኑን ያዘዘው፣ ፀሐይ ሳለ ከፀሐይ ብላ፣ በሱዳኖቹ አቆጣጠር ከምሽቱ ስድስት ጀምሮ ባትሪውን ክፈት ብሎ ነው። በእነሱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ዘጠኝ ስለው የጧት ዘጠኝ መስሎት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ያ ምስኪን ሳጥን እኩለ ቀን ነው ብሎ ያምናል። ጠራራ ፀሐይ ባለበት ባትሪ ለምን እነካለሁ ይላል፣ የራሱን ምሽት ይጠብቃል፤ የእሱ ምሽት የእኛ እኩለ ሌሊት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል ታዞኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ምስጢር ቁጥሩን ሞልቶ ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ባለሙያ፣ ሀያ የበረዶ ድንጋይ፣ አንድ ካይሮ ላይ የተሠራ ፎቅ፤ ሁለት ደቂቃ።

ሐጃ ዘይነብ ግን ፊቷ አልተፈታም ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገች። ዛሬ የመናዘዝ ቀን ከሆነ እኔም አለብኝ አለች፤ ትናንት ድግሱ ላይ ባስቡሳ በልታለች። የስኳር ውሃው የሚንጠባጠብ ባስቡሳ። ስንት ስላት፣ አንድ አለች። አስተማሪ ዓይኗን ስትሰብር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ አራት ነበር። ኢስማኢል በሪክሻው ክሊኒክ አደረሳት፣ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ነርስ ከክሊኒኩ አዲስ መድኃኒት ወጋቻት፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ጠበቅን። ፍሪጄ ውስጥ የቆየውን መድኃኒትም እንዳትጠቀሙበት፣ ልጇ ሌላ ያምጣ አለች። ባስቡሳው ነው ወይስ የእኔ የሦስት ሳምንት በረዶ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሐጃ ባስቡሳው ነው ትላለች። ለእኔ ብላ ይመስለኛል።

ሲመልሰን በሩ ላይ ወርጄ ለድካሙ ልሰጠው እጄን ኪሴ ከተትኩ። አልተቀበለም። መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ያ የሌሊት ወፍ ቀልድ ጥሩ ነው። እኔ ራሴ ስቄበታለሁ። እናቴ ግን አልሳቀም።»

እናንተዬ፣ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ ፖሊስ ጮኾብኝ ያውቃል፤ እንደዚያች በተሳሳተ አማርኛ የተነገረች ዓረፍተ ነገር ግን አጥንቴ ድረስ የገባ የለም። «አልሳቀችም» በል ብዬ እንኳ አላረምኩትም።

እሑድ ደረሰ። ኒሙ ዛፍ ሥር ቆሜ እውነቱን ከዘጠኝ ሰዓቱ ጀምሬ ነገርኳቸው። ከማንኛውም እሑድ በላይ ሳቁ። ግርማ ዛሬ ደግሞ በራሱ ላይ ዞረ አሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ «ኢስማኢል አስፈራራህ እንዴ?» አለኝ። ፎቁን ያመኑ ሰዎች ሰዓቱን አላመኑም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳ አልበላሁም፤ ይህንን ወርቅነሽ ትመሰክራለች።

ወደ አልማዝ ቤት ሄድኩ። አስቀመጠችኝ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፣ አንዴም አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦

«ያን ቀልድ የት የት ነው ያወራኸው?»

«አልማዝ፣ ሁሉንም አላስታውስም።»

«እንግዲያው ስታስታውስ ና።»

ይኸው እያስታወስኩ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተመልሼ፣ ፀጉር ሳያስፈልገኝ ተቀምጬ ተናገርኩ። ዱካኔ ላይ ሻይ ቅጠል ሊገዛ የመጣውን ሁሉ እያስቆምኩ ተናገርኩ። የማያምነኝን ሰው ቤቴ ወስጄ፣ ሳጥኑን አሳይቼ፣ ክንዴን እዘረጋለታለሁ። ኢስማኢል ከሳጥኑ ጎን በፕላስተር ላይ በትልልቁ «ሐበሻ ሰዓት የለም» ብሎ ለጥፎልኛል። ሪክሻውን አልተወም፤ ከቀትር በኋላ ግን ቦርሳዋን ይዞ የሚጠራው ሰው መገኘት ጀምሯል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእጄ ይዤ ነው የወሰድኩለት። ባለፈው እሑድ አልማዝ ቅዳሴ መጣች። ስናገር ከኋላ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ግን እስከ መጨረሻው ቆመች።

ሀፍላ ውስጥ ያወራሁለትን ያን የማላውቀውን ሰው ግን ከየት ላምጣው? እሱስ ለማን አወራው? በእግሬ ልደርስበት የማልችለው ቦታ ሁሉ ያ ቀልድ ቀድሞኝ ደርሷል። የምጽፈው ለዚህ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ያ ሰውዬ ነው፤ ምናልባት ከእሱ የሰማ ነው። ካይሮ ላይ ፎቅ የለም። ኢስማኢል እዚሁ ጀብራ ነው፣ ሶላሩም ይሠራል፣ ዛሬ ማታ ማራገቢያዬ ሥር ተቀምጬ ነው ይህን የምጨርሰው።

አሁን ታሪኩ የእናንተ ነው። ለሌላ ስታወሩት እንደምትጨምሩበት አውቃለሁ፣ አልቀየምም፤ በረዶውን መቶ አድርጉት፣ ባስቡሳውንም ከፈለጋችሁ ትሪ ሙሉ አድርጉት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ጅብ የምታደርጉት ሰው እኔ ልሁን።